«አዲስ በካርቶኑ» ወይስ ያገለገለ የቢሮ ዕቃ? የአንባቢዎች የላፕቶፕ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት ሆነዋል። ተማሪውም ጡረተኛውም፣ አገር ቤት ያለውም ባሕር ማዶ ያለውም የሚጠይቀኝ በትንሽ ገንዘብ ስለሚገዛ ደህና ላፕቶፕ ነው። አስቀድሜ ላስታውቅ፤ ከእኔ የዋጋ ዝርዝር አትጠብቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ላፕቶፕ ደግሞ ከካርቶኑ እስከ ቻርጀሩ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ዛሬ የምጽፈው ዋጋ መጽሔቱ ከማተሚያ ቤት እስኪወጣ ያረጃል። ዋጋውን ሻጮቹን ጠይቁ፤ እኔ ምኑን ማየት እንዳለባችሁ ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? ባሕር ዳር የምማር የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። አባቴ ወይፈን ሸጦ ለላፕቶፕ 40 ሺህ ብር ሰጠኝ። አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ መጥቼ ሱቆቹን ስዞር ሁለት ዕቃ ላይ ቆምኩ። አንዱ በካርቶኑ የታሸገ አዲስ ነው፤ ሴሌሮን ኤን 4020፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ። ሌላው ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። አጎቴ «የሰው አሮጌ ከምትገዛ አዲሱን ውሰድ» ይለኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?
(ተማሪው፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ አጎትህ ላንተው አስቦ ነው፤ ነገር ግን ቲንክፓዱን ውሰድ። ምርመራውን ካለፈ ማለቴ ነው፤ ወደ ምርመራው እመጣለሁ።

መጀመሪያ አዲሱን እንየው። ኤን 4020 ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የስሌት ክፍል፣ ብቻ ያለው፣ ከጅምሩ ለርካሽ ዕቃ ተብሎ የተሠራ ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል) ነው። 64 ጊጋው ደግሞ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻ አይደለም። ኢኤምኤምሲ የሚባለው፣ በርካሽ ስልኮች ውስጥ የምናገኘው ዓይነት፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ማከማቻ ነው። ነገ «ጠበበኝ» ብለህ ብትመጣ ነቅሎ ትልቅ የሚተካልህ ባለሙያ አታገኝም። ራሙም፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ብየዳ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ነው። እንግዲህ ይህ ዕቃ ከበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ወደ ውስጥ አልገባም። ዊንዶውስ ራሱን ላድስ ሲል ቦታ ያጣል። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም ከፍተህ፣ ኤክሴል ከፍተህ፣ ከጎኑ የአስተማሪህን ማስታወሻ በብሮውዘር ከፍተህ ስትሠራ ራሙ ያልቅና እያንዳንዱን ነገር ትጠብቃለህ። የምትማረው አካውንቲንግ ነው፤ እነዚህን ሦስቱን ሳትከፍት የምታድርበት ቀን አይኖርም።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 አሱስ የተባለው ኩባንያ ኢኢኢ ፒሲ የሚል ትንሽ ላፕቶፕ አወጣ፤ ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ማከማቻው 4 ጊጋ ነበር። ሊኑክስ በሚባለው የዊንዶውስ አማራጭ ይሠራ ስለነበረ ለታሰበለት ሥራ አላነሰም፤ ዓለምም «ኔትቡክ» ብሎ ተሻማበት። ቆይቶ ሰው እንደ ትልቅ ኮምፒውተር ልጠቀምበት አለ፣ አምራቾቹም ዊንዶውስ ጫኑበት፣ ጥቂት ዓመታት ተንፏቆ ከገበያ ወጣ። በጠባብ ማከማቻ ላይ ሰፊ ሶፍትዌር ጭኖ መሸጥ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ቲ480 እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ላፕቶፕ በብዛት ገዝተው ወይም ተከራይተው ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ በሙሉ ይቀይራሉ። የተቀየረው በጅምላ ይሸጣል፤ ብዙው በዱባይ በኩል አድርጎ እኛ ገበያ ይደርሳል። የዴል ላቲትዩድና የኤችፒ ኢሊትቡክም መንገዳቸው ይኸው ነው። እነዚህ ዕቃዎች አዲስ በነበሩበት ጊዜ አንተም እኔም የማንደፍረው ዋጋ ነበራቸው፤ ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ ኪቦርዳቸው ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው የተሠራ ነው፣ ከሁሉ በላይ ተፈትተው እንዲጠገኑ ታስበዋል። ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ ሥራ ስትይዝ ሌላ 8 ጊጋ ትጨምርበታለህ። ባትሪውም ሁለት ነው፤ አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከጀርባ በእጅ ይነቀላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። አጎትህንም ይዘኸው ሂድ፤ አንዱ ሲመረምር ሌላው ከሻጩ ጋር ይጫወታል።

ሻጩን ታስክ ማናጀር ክፈትልኝ በለው። ፐርፎርማንስ በሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ተጽፏል። ከኮር አይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብ። 8250 ወይም 8350 ከሆነ ስምንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፤ 7300 ከሆነ ሰባተኛ፣ 6300 ከሆነ ስድስተኛ። በ10 ወይም በ11 የሚጀምር ቁጥር ካየህ፣ ለምሳሌ 10210 ወይም 1135፣ ዐሥረኛና ዐሥራ አንደኛ ማለት ነው። ከስምንተኛ በታች ያለውን ተው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ የደኅንነት ጥገና ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። በዚያ ላይ እስከ ሰባተኛው ድረስ እንዲህ ባሉ ስስ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባው ኮር አይ ፋይቭ ሁለት ኮር ነበረው፤ በስምንተኛው አራት ሆነ። ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት የለም ወይ?» ቢልህ አትታለል። መስፈርቱን ዘልሎ በአሮጌ ማሽን ላይ መጫን ይቻላል፤ ሱቆችም ያደርጉታል።

ቀጥሎ ማሽኑ በይለፍ ቃል የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን እይ። ማሽኑን አጥፍተህ ስታበራ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1ን፣ ዴል ላይ ኤፍ 2ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10ን ደጋግመህ ተጫን፤ ባዮስ የሚባለው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ይከፈታል። የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ዕቃውን መልስለትና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ውጣ። የቲንክፓድ የባዮስ የይለፍ ቃል ከጠፋ ሌኖቮ ራሱ የሚሰጠው መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ነው። ሌላም የቁልፍ ዓይነት አለ፤ ዊንዶውሱ ከአዲስ ተጭኖ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የሆነ የውጭ ድርጅት ስም ብቅ ብሎ የሠራተኛ መለያ ይጠይቅሃል። ያ ማሽን ከድርጅቱ መዝገብ አልተፋቀም ማለት ነው። ስለዚህ ከስልክህ ኢንተርኔት አጋርተህ እዚያው አገናኘው።

ባትሪውን በመቶኛ አትመን። «100 ከመቶ ሞልቷል» ማለት ባትሪው ያለችውን ሞላ ማለት ነው፤ ያለችው ግን ስንት ናት? ሻጩን የዊንዶውስ ባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ በለው፤ ሙያውን የሚያውቅ ከሆነ በአንድ ትእዛዝ ያወጣዋል። እዚያ ውስጥ ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው ፋብሪካው የሰጠው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለው ዛሬ የቀረው ነው። ግማሽ የቀረው ባትሪ ዕቃውን አያስጥልም፣ ዋጋውን ግን ያስቀንሳል። የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሣ ወይም የታችኛው ክዳን ካበጠ ግን ባትሪው አብጧል፤ አትንካው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ እየው። ኖትፓድ ክፈትና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫን። ፍላሽህን በሁሉም ቀዳዳ ሰክተህ ሞክር፤ ቲ480 ላይ ሁለቱንም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች በቻርጀር ፈትናቸው። ነጭ ገጽ ከፍተህ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ቢጫ ጥላ ፈልግ፤ ከጎን ስታየው ቀለሙ ከተገለበጠ ርካሹ ስክሪን ነው። የኤስኤስዲውን ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም በመቶኛ ያሳይሃል። በመጨረሻ ቪዲዮ ከፍተህ ተወውና ሻይ ጠጥተህ ተመለስ፤ ማራገቢያው እየጮኸ ወይም ማሽኑ ጠፍቶ ካገኘኸው ሌላ አምጣ በል።

ዋስትናው አጭር ቢሆንም በወረቀት ይሁን፣ የማሽኑ የተከታታይ ቁጥርም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ቁጥር የሌለው ደረሰኝ ይዘህ ብትመለስ «የእኛ ዕቃ አይደለም» መባል አለ። 40 ሺህዋንም አሟጠህ አትክፈል፤ ለቦርሳና ለአንድ ፍላሽ የሚሆን አስቀር።

ጥያቄ፦ ኮር አይ ሰቨን ሁልጊዜ ከኮር አይ ፋይቭ ይበልጣል አይደል? ወንድሜ ጋር ተከራክረናል።
(ከመቐለ)

መልስ፦ ዕድሜው ካልተነገረ አይበልጥም። ኮር አይ ሰቨን 4600ዩ እ.ኤ.አ. የ2013 ፕሮሰሰር ነው፤ ሁለት ኮር አለው። ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ እ.ኤ.አ. የ2017 ነው፤ አራት ኮር አለው። ሁለተኛው ያለ ክርክር ይበልጣል። ሻጭ «አይ ሰቨን ነው» ብሎ ዝም ካለ ያልነገራችሁን ጠይቁት። መዳፍ ማሳረፊያው ላይ ያለችውን ተለጣፊ ደግሞ ማስረጃ አታድርጓት፤ ተለጣፊ ለብቻው ይገዛል።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ እኅቴ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ የትውልድ አካባቢዬንም ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ልጄ የተወልኝ ቶሺባ ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. የ2013 ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10 አለው። ከፍቼው ቡና እስኪፈላ እጠብቀዋለሁ። አንድ ሱቅ «ጊዜው አልፎበታል፣ ጥለው አዲስ ይግዙ» አለኝ። የጡረታ ገንዘቤን ያውቁታል። የምጽፈው በፓወር ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ ኢንተርኔት የለኝም።
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መምህር፣ አይግዙ። የሚያዘገይዎ ፕሮሰሰሩ ብቻ አይደለም፤ ያ የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ነው። እሱን አስወጥተው በምትኩ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ፣ 240 ወይም 256 ጊጋ የሆነውን ያስገቡ። ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ሲተያይ ዋጋው ጥቂት ነው። ሁለተኛ የራም ማስገቢያ ካለው 4 ጊጋ ያስጨምሩ፤ ነገር ግን የድሮውን ራም አውጥተው ይዘው ይሂዱ። በዚያ ዘመን ማሽኖች ላይ ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 3 ኤል የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ነበሩ፤ አንዱ የሚሠራበት ቮልቴጅ ከሌላው ያንሳል፣ የተሳሳተው ከገባ ማሽኑ ላይነሣ ይችላል። የወጣውን ሀርድ ዲስክም አይጣሉት። የዩኤስቢ ማቀፊያ ይገዙለትና የጽሑፍዎ ሁለተኛ ቅጂ የሚቀመጥበት ይሆናል።

የሱቁ ሰው «ጊዜው አልፎበታል» ያለዎ የዊንዶውስ 10 ጥገና መቆሙን ይዞ ይሆናል። መቆሙ እውነት ነው። ኢንተርኔት ለማይገባ፣ ባንክ ለማይከፍት ማሽን ግን አያስጥለውም። የእርስዎ አደጋ በሌላ በር ነው የሚመጣው፤ ለማሳተም ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ። ፋይሎቹን ሰውሮ በአቋራጭ ምልክት የሚተካው ቫይረስ የሚዛመተው በዚያ ነው። ለኮፒ ቤት ብቻ የሚሆን አንዲት ፍላሽ ይለዩ፤ በፒዲኤፍ አድርገው ይዘው ይሂዱ፣ ሲመለሱም ሳይከፍቱ ፎርማት ያድርጓት።

ወጣቶቹ ሊኑክስ ይጫኑ ይሉዎት ይሆናል። ለአሮጌ ማሽን ደግ ምክር ነው፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው።

አሁን ከማሽኑ ይልቅ የሚያሳስበኝን ልንገርዎ፤ ጽሑፍዎ በየትኛው የፓወር ግዕዝ ፎንት ነው ያለው? ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ የግዕዝ ፊደልን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ያልተቀየሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። እንዲህ ያለ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አንድም የአማርኛ ፊደል አይታይም፤ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርክርክ ነው። አንድ ምዕራፍ በፍላሽ ወደ ልጅዎ ኮምፒውተር ይውሰዱና ይክፈቱት። በአማርኛ ከተነበበ ደህና ነው። ካልተነበበ መጽሐፉ ሳያድግ ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩት፤ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ከቅየራ በኋላ ግን እርማት ማንበብ ይኖራል። ከእንግዲህ የሚጽፉትን በፓወር ግዕዝ የዩኒኮድ አማራጭ ወይም ዊንዶውስ ራሱ ባለው የአማርኛ ኪቦርድ ይጻፉ። ላፕቶፕ ቢሰበር ሌላ ይገኛል፤ የእርስዎን አካባቢ ታሪክ ሁለተኛ የሚጽፈው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ኮምፒውተር ሳይንስ ሊጀምር ነው። ክሮምቡክ በጣም ርካሽ አየሁ፤ የታደሰ ዴል ላቲትዩድም አለ። የአሜሪካ ላፕቶፕ አገር ቤት ሲሰካ ይቃጠላል የሚሉኝስ እውነት ነው? ሰው ሊሄድ ስለሆነ ቶሎ ይመልሱልኝ።
(ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እኅቴ፣ አይቃጠልም። ቻርጀሩን ገልብጠሽ በትንሹ የተጻፈውን አንብቢ፤ ኢንፑት ከሚለው ጎን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። የእኛ 220 በዚያ ውስጥ ነው። ሰዎች የሚያስታውሱት ያለ ትራንስፎርመር ተሰክቶ የጨሰውን የአሜሪካ መፍጫ ነው። የሚቀየረው ከግድግዳው ወደ ቻርጀሩ የሚሄደው ገመድ ብቻ ነው፤ እሱንም ልጁ ሐዋሳ ገዝቶ ይቀይረዋል።

ክሮምቡኩን፣ በዊንዶውስ ፈንታ በጉግል ሥርዓት የሚሠራውን ላፕቶፕ፣ ተይው። ብዙ ነገሩ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ዶርም ውስጥ ኢንተርኔት የሚቆረጥበት ምሽት ብዙ ነው። ጉግልም ለእያንዳንዱ ሞዴል ዝመና የሚያቆምበትን ቀን አስቀምጧል፤ በርካሽ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ቀኑ የቀረበ ወይም ያለፈ ነው። አስተማሪው «ይህን የዊንዶውስ ፕሮግራም ጫኑ» ሲልም ልጁ ቆሞ ይቀራል።

ላቲትዩዱን ግዢ፤ ለባሕር ዳሩ ተማሪ ከላይ የጻፍኩት ምርመራ ለአንቺም ነው። አንድ ልጨምር። ዕቃውን አሽገሽ አትላኪ፤ እዚያው አብሪው፣ ዊንዶውሱን ከአዲስ አስጀምሪው፣ ከኢንተርኔት ጋር አገናኚው፣ ጥቂት ቀን ሥሪበት። መመለሻው ቀን ሳያልፍ ሱቁ አጠገብሽ ነው፤ ሐዋሳ ከገባ በኋላ ግን የሚመልሰው የለም። ለኮምፒውተር ሳይንስ 16 ጊጋ ራም ቢሆን እመርጣለሁ፤ ካልሆነ ሁለት ማስገቢያ ያለውን ምረጪና 8 ይሁን። ኪቦርዱ የአሜሪካ መሆኑ እንኳን ደስ ያሰኛል። ከጀርመን የሚመጡት ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠው ልጆቹ ሲቸገሩ አያለሁ። መንገደኛው ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣው ይያዘው። ትርፍ ባትሪ ከላክሽ ደግሞ የግድ አብሮት ወደ አውሮፕላኑ ውስጥ መግባት አለበት፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ አዳማ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ልከፍት ነው። ላፕቶፕ ነው የሚሻለኝ ዴስክቶፕ? መብራት ያስቸግራል።
(ከአዳማ)

መልስ፦ ማሽኑ ከጠረጴዛው የማይነሣ ከሆነ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ይግዙ፤ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ፕሮሰሰርና ሰፊ ስክሪን ያገኛሉ፣ ኪቦርድ ሲበላሽም ኪቦርዱን ብቻ ነው የሚቀይሩት። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለባትሪ ዕቃ፣ ይጨምሩበት፤ ግን ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን ብቻ ይሰኩበት። ሌዘር ፕሪንተርና ኮፒ ማሽን ቀለሙን ወረቀቱ ላይ በሙቀት ስለሚያትሙ ሲነሡ ብዙ ኃይል ይስባሉ፣ ትንሽ ዩፒኤስ አይችላቸውም። እነሱን በቀጥታ ከግድግዳው፣ ከተቻለም የመብራቱን ቮልቴጅ በሚያስተካክል ስታቢላይዘር በኩል ይሰኩ፤ መብራት ሲጠፋም ማብሪያቸውን ያጥፉ፣ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ ድረስ አይክፈቷቸው።